መምህር ሰይድና ቅቤ የነካው ወረቀት

መምህር ሰይድ መሞታቸውን የነገሩኝ የድሮው ትምህርት ቤታችን ጥበቃ ጋሽ ፈንታ ናቸው። ሰቆጣ ቢሮዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ የመማሪያ መጻሕፍት ስርጭት ቅጽ እየሞላሁ ነበር ስልኩ የጮኸው። «መምህር ሰይድ እኮ አለፉ። ትናንት ከሰዓት ቀበርናቸው፤ ልነግርሽ ብል ኔትወርኩ እምቢ አለኝ» አሉኝ። ምን አገኛቸው አልኩ። «ስኳር ነው አሉ፤ እግራቸውን አሟቸው ነበር።» ነፍስ ይማር ብዬ ስልኩን ዘጋሁና የጀመርኩትን መስመር ሞላሁ። ከዚያ ቀጣዩን ሞላሁ። ቅጹን ጨርሼ ፈረምኩና ማህተም አስመታሁበት።

እኔ እኮ ለለቅሶ ሩቅ ሰው አይደለሁም። መንገድ ላይ ለማላውቀው ሰው ሬሳ እንኳን ቆሜ የማለቅስ ነኝ፤ እህቴ «አንቺ እንባሽ ቧንቧ ነው» ትለኛለች። ያን ቀን ግን ምንም አልመጣም። ቤቴ ገባሁ፣ ሽሮ ሠራሁ፣ በላሁ። ሰውነቴ ደንዝዞ ነበር፤ መርፌ ቢወጉኝ የምሰማ አይመስለኝም።

ምክንያቱ አልጠፋኝም። በእኚህ ሰው ፊት አንድ ነገር አለብኝ። እሱን ከመናገሬ በፊት ግን ሰውየውን ልንገራችሁ፤ አለዚያ አይገባችሁም።

መምህር ሰይድ የነጋዴ ልጅ ናቸው። አባታቸው፣ ከአባታቸውም በኋላ ታላቅ ወንድማቸው ሁሴን፣ ሰቆጣ ገበያ ዳር መብራት ሲሸጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የኩራዝ ክር፣ የፋኖስ ብርጭቆ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ኋላ ደግሞ ሶላር። ቤተሰቡ ሁሉ ሚዛን ሲይዝ እሳቸው ጠመኔ ያዙ። «ከሰባት ወንድማማች አንዱ መክሰር አለበት፤ ዕጣው ለእኔ ወጣ» ይሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ከራሳቸው የማይጠፋ፣ አውራ ጣታቸው በኩራዝ የተለበለበ ሰው ነበሩ። አንድ ብርጭቆ ካዩ፣ የውኃም ይሁን የፋኖስ፣ እፍ ብለው በሸሚዛቸው ጫፍ ሳይወለውሉት አያልፉም። ሻይ ቤት ውስጥ የሰው ብርጭቆ ወልውለው አሳፍረውናል።

ትምህርት ቤታችን ከሰቆጣ ወደ ዝቋላ በሚወስደው በኩል ነው፤ መኪና የሚደርስበት ድረስ ሄዳችሁ ከዚያ ሦስት ሰዓት በእግር። ልጆቹ ቤታቸው የሚናገሩት ኽምጣንጋ ነው። መምህር ሰይድ ኽምጣንጋውን በልጅነታቸው ከገበያተኛ ጋር ሲከራከሩ ስለለመዱት አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የተሰጠው ለእሳቸው ነበር። እኔ ምክትል ርእሰ መምህር ነበርኩ። ሰቆጣ ተወልጄ አድጌ ኽምጣንጋዬ ከ«ስንት ነው» እና ከ«ቀንሽልኝ» አያልፍም። በዕድሜ ብዙ ይበልጡኛል፤ እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ወርቄ ይሉኛል። ሙሉ ስሜ ወርቅነሽ ነው።

የሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ ስለ ብርሃን ምንጮች አንድ ገጽ አለች። ፀሐይ፣ እሳት፣ ኩራዝ፣ ባትሪ ተስሎባታል። በዓመታዊ ዕቅዱ ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው የተመደበላት። መምህር ሰይድ ሦስት ሳምንት ያስተምሯት ነበር።

«የትኛው ይበልጥ ያበራል?» ብለው ይጠይቃሉ። ልጁ «ባትሪ» ይላል። ልክ ነህ ወይም ተሳስተሃል አይሉም። «ከምን ጋር አስተያይተህ?» ይላሉ። ይቺ አባባላቸው መምህራን ክፍል ገብታ መሳቂያ ሆና ነበር፤ አንዱ ዛሬ ይሞቃል ካለ ሁላችንም «ከምን ጋር አስተያይተህ?» እንለዋለን። እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ። አንድ ቀን በቀትር ልጆቹን ሜዳ ላይ አስወጥተው ኩራዝ ለኮሱ። ልጆቹ ጎንበስ ብለው ነበልባሏን ፈለጉ፤ የለችም፤ ጣታቸውን ሲያስጠጉ ግን ታቃጥላለች። «ኩራዟ አልደከመችም፤ ፀሐይ በዝታባት ነው» አሏቸው።

ሌላ ቀን አንዱ ተነሥቶ «የጅብ ዓይን ያበራል» አለ። ክፍሉ ሁሉ አየሁ፣ አየሁ ሆነ። መምህር ሰይድ በማግስቱ የቤታቸውን ድመት በቅርጫት ይዘው መጡ። መስኮቱን በማዳበሪያ ጆንያ ጋርደው፣ በሩን ዘግተው፣ ድመቷ የት እንዳለች ጠየቋቸው። አትታይም። ባትሪውን አበሩባት፤ ዓይኗ ቦግ አለ። አጠፉት፤ ጠፋ። «ያበራችው በእኔ ባትሪ ነው። እሷ የራሷ የላትም» አሉ። ድመቷ ተቆጥታ የአንዱን ልጅ እጅ ቧጨረች፤ አባቱ መጥቶ ስንት ጭቅጭቅ ሆነ። ልጁ ግን እጁን እንደያዘ «እንግዲያ ጨረቃም እንደ ድመቷ ናት?» ብሎ ጠየቀ። መምህር ሰይድ ይህን ሲያወሩ ፊታቸው እንዴት ይበራ እንደነበር። እኔ ያየሁት የጠፋውን ክፍለ ጊዜ ነው።

ከሁሉ የሚወዱት የቅቤ ወረቀቷን ነበር። ከደብተር የተገነጠለ ባዶ ወረቀት መሐል ላይ አንዲት ጠብታ ቅቤ ያሳርፋሉ። ወረቀቱን በተሰነጠቀ ሸንበቆ አጣብቀው አግዳሚ ወንበር ላይ መሐል ያቆሙታል። ከግራና ከቀኝ አንዳንድ ካርቶን ያስቀምጣሉ፤ አፉ ወደ ወረቀቱ ነው። በአንዱ ካርቶን ውስጥ ኩራዝ፣ በሌላው ሶላር፤ ወይም ጧፍና ባትሪ። ልጆቹ ምን በየትኛው ውስጥ እንዳለ አያዩም። የሚያዩት ወረቀቷን ብቻ ነው። ክፍሉ ይጨልማል፤ ልጆቹ ተራ በተራ መጥተው ከአንዱ ወገን ጎንበስ ይላሉ። የቅቤዋ ነጥብ ካበራች ከኋላዋ ያለው መብራት ይበልጣል። ከጠቆረች ከፊቷ ያለው ይበልጣል። ከጠፋች እኩል ናቸው። ከዚያ ኩራዙን አንድ እርምጃ ያቀርቡታል፤ ሶላሩን ሦስት አራት እርምጃ ያርቁታል። ነጥቧ ብን ብላ ስትጠፋ ልጆቹ ይንጫጫሉ። ትንሿ ኩራዝ ቀርባ ከትልቁ ጋር እኩል ሆነች ማለት ነው። የሰባት ዓመት ልጆች ይህን በጣታቸው እየቆጠሩ ይነግሯችኋል።

እኔ ደብዳቤ ጻፍኩባቸው። ዕቅድ አለማክበር፣ የተማሪ ሰዓት ማባከን፣ እንስሳ ወደ ክፍል ማስገባት። ሁለተኛ ጥፋት ከተገኘባቸው ከትምህርት ቤቱ እንደሚነሡ ጭምር ጻፍኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ነበርኩ ያኔ፤ ሞኟም ወረቀቷም እኔ ነኝ። መምህር ሰይድ ደብዳቤውን ቆመው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ፈረሙ። «ወርቄ፣ ጽሕፈትሽ እንዴት ያምራል» አሉኝ። ለሽሙጥ አልነበረም፤ የእውነት ነው ያሉት።

እንግዲህ ዝናሽ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ ሰባት ይሆናል፤ ዝምተኛ፣ ቆዳዋ የነጣ ቀጭን ልጅ። ዓመቱ ዝናብ የቀረበት ነበር፤ ማሽላው ሳያፈራ ደርቆ፣ ፍየሉ የሞተው ሞቶ የቀረው ተሸጦ ነበር። ክፍሉ ሲጨልም ይቺ ልጅ እጇን ግድግዳ ላይ አድርጋ ባለችበት ትቆማለች። ተራዋ ሲደርስ ሌላ ልጅ ይገፋታል። አንድ ቀን ክፍል ልታዘብ ገብቼ ተራዋ ደረሰ። ጎንበስ አለች፤ ወረቀቱን ትታ መዳፏን ወደ አንዱ ካርቶን ዘረጋች፤ ከዚያ ወደ ሌላው። «ይኼኛው» አለች። ኩራዙን ነው ያለችው። ሶላሩ በእጅጉ ይበልጥ ነበር። ልጆቹ ሳቁ።

እኔ ገባኝ ብዬ ነው። መጽሐፍ ላይ ያለ ስሕተት ነው፤ ትንንሽ ልጆች የሚሞቀውን ሁሉ የሚያበራ ይመስላቸዋል። መዝገቤ ላይ የጻፍኩት ዛሬም ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፤ «ተማሪዋ ሙቀትንና ብርሃንን መለየት አልቻለችም። ማጠናከሪያ ትምህርት ያስፈልጋታል።»

መምህር ሰይድ ግን ነገሩ ከነከናቸው። በማግስቱ በአንዱ ካርቶን ሶላር አደረጉ፤ በሌላው የፈላ ውኃ ያለበት ማንቆርቆሪያ። መብራት የሌለበት ማንቆርቆሪያ ነው እንግዲህ። ልጆቹ ሁሉ ወደ ሶላሩ ጠቆሙ። ዝናሽ መዳፏን ዘርግታ ወደ ማንቆርቆሪያው ጠቆመች። መምህር ሰይድ ማንም እንዲስቅ አልፈቀዱም። ጆንያውን ከመስኮቱ አወረዱና ያችኑ ወረቀት በቀኑ ብርሃን አሳዩዋት። ነጥቧ የት እንዳለች፣ ወረቀቷ ስንት መስመር እንዳላት አንድ ሳትስት ነገረቻቸው። መልሰው ጋረዱት። ጣቶቻቸውን ፊቷ ላይ ዘርግተው ስንት ነው አሏት። እጃቸውን ዳሰሰችና «አምስት» አለች።

ያን ቀን ከክፍል እንደወጡ ቤቷ ሄዱ። እናቷ ነገሩን ታውቀው ኖሯል። «ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳ ትዳስሳለች። ዳፍንት ነው፤ ጉበት ብትበላ ይለቃት ነበር» አለቻቸው። ጉበት ከየት ይምጣ፤ የሚታረድ የለም። ጤና ኬላ ሄዱ፤ ለዓይን የሚሰጠው እንክብል አልቋል፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም ተባሉ። ሰቆጣ ሆስፒታል መውሰድ ነው የቀረው። አባቷ አቶ ወልዱ ቆላ ወርደው የሰው ማሳ ሊያርሱ ለመንገድ ተነሥተው ነበር። «እርስዎ ከወሰዷት ውሰዷት፤ እኔ የልጆች ጉርስ ፍለጋ እየሄድኩ ነው» አሉ።

መምህር ሰይድ ቢሮዬ መጡ። ሐሙስና ዓርብ ፈቃድ ስጪኝ አሉ። ቅዳሜና እሑድ የዓይን ሐኪም የለም። እኔ ደግሞ ከበላይ ሱፐርቪዥን በዚያው ሳምንት ይመጣል ተብሎ ተነግሮኝ ነበር፤ ቀኑ አይታወቅም። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህር ሳይኖር ሊያገኙኝ ነው። «ሳምንቱ ይለፍ» አልኳቸው።

«ወርቄ፣ ልጅቷ አታይም።»

«በቀን ታያለች ብለውኛል እኮ እርስዎው። በዳፍንት የሞተ ሰው ደግሞ አላውቅም።»

«ሰው አይሞትበትም። ዓይን ግን ይጠፋበታል፤ አባቴ ሱቅ የሚመጣ አንድ ሰውዬ ነበር፣ እንደዚህ ነው የጀመረው።»

«መምህር፣ አንድ ደብዳቤ አለብዎት» አልኳቸው። «ቢሄዱ ሁለተኛውን እጽፋለሁ። ከዚህ ቢነሡ እነዚህን ልጆች በቋንቋቸው የሚያስተምር ማን አለኝ?»

ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የውኃ ብርጭቆ አነሡ፤ እንደ ልማዳቸው ሊወለውሉት መስሎኝ ነበር፤ መልሰው አስቀመጡትና ወጡ።

ሱፐርቪዥኑ ሐሙስ አልመጣም። ዓርብም አልመጣም። ነገ ዛሬ ሲባል ሳምንቱ አለፈ፤ በኋላም ጭራሽ ቀረ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ግን መንደሩ ኩፍኝ ገባበት። በእኛ አገር ኩፍኝ የያዘው ልጅ ፀሐይ አይንካው ተብሎ ጨለማ ቤት ውስጥ ይተኛል፤ ከውጭ የመጣ ሰውም አይገባም። ዝናሽንም ያዛት፤ እናቷ ጓዳ አስተኝታ በር ዘጋችባት። መምህር ሰይድ ሁለቴ ሄደው ከበር ተመለሱ። ሦስተኛ ሲሄዱ ደብዳቤዬንም ልማዱንም ትተው በሩን ገፍተው ገቡ። ልጅቷን ተሸክመው ወደ ቀኑ ሲያወጧት ቀኝ ዓይኗ ነጭ ሆኗል።

አባቷን ከቆላ አስጠርተው ሁለቱ እየተቀባበሉ ተሸክመው ሰቆጣ አደረሷት። መምህር ሰይድ በሳምንቱ ተመለሱ። እኔ መምህራን ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር። «ግራው ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። ስለ ቀኙ አላነሡም። እኔም አልጠየቅሁም። የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ስጪኝ አሉ፤ ሰጠኋቸው፤ ካርቶኖቻቸውን ሊያወጡ ገቡ።

ሁለተኛ ደብዳቤ አልጻፍኩም። ይቅርታም አልጠየቅኋቸውም። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ እሱ ነው። እሳቸው ከዚያ በኋላም ወርቄ እያሉ ያናግሩኛል፣ በዒድ ቀን ቴምር ይልኩልኛል፣ ብርጭቆዬን ይወለውሉልኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዝናሽም በአንድ ዓይኗ ትምህርቷን ቀጠለች፤ ከፊት አስቀመጧት፤ ከፍ ስትል እኔም ሒሳብ አስተምሬያታለሁ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ የሁሴን ሱቅ ተዘረፈ፣ ሰው ሁሉ የራሱን ነፍስ ያዘ። እኔም ወደ ሰቆጣ ተዛወርኩ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ሆድ ደግሞ አልፈጀውም።

ለለቅሶው የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። የሁሴን ግቢ ውስጥ ሸራ ተወጥሮ ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ለሁሴን «አላህ ያጽናችሁ» ብዬ ገባሁ። ከትምህርት ቤታችን መንደር የመጡት አንድ ጥግ ይዘው ነበር፤ ጋሽ ፈንታ ጠቀሱኝና እዚያ ሄጄ ተቀመጥኩ። አጠገቤ አቶ ወልዱ ናቸው። ሸብተዋል። ዝናሽን አየኋት፤ ረጅም ልጃገረድ ሆናለች፤ ሻይ ከሚያቀርቡት ሴቶች ጋር ትመላለሳለች፤ በቀኟ በኩል ሰው ሲጠጋት መጀመሪያ ፊቷን ታዞራለች።

አቶ ወልዱ ሻያቸውን ይዘው ስለ ሟቹ ማውራት ጀመሩ። አማርኛቸው እንደ ድሮው ቀስ ያለ ነው። «ደግ ሰው ነበሩ። አንድ ጥፋት አጠፉብኝ፤ እሷንም ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ።»

«ምን ጥፋት?» አሉ ጋሽ ፈንታ።

«የልጄን ዓይን። ውሰዷት ብዬ አደራ ሰጥቼ ሄድኩ፤ ሳይወስዷት ቆዩ። ከሆስፒታል የተመለስን ሰሞን ማለዳ ደጄ ላይ ድምፅ ሰማሁ። ብወጣ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ቆመዋል። ያን የሚያህል ሰው። ‹አደራህን ያዘገየሁት እኔ ነኝ፣ ትምህርት ቤቱ አልከለከለኝም፣ የራሴ ስንፍና ነው፣ ይቅር በለኝ› አሉኝ። እኔ ልቤ ቆስሎ ነበር። ትንሽ አቆየኋቸው፤ ፀሐዩ እስኪሞቅ አቆየኋቸው። ከዚያ ግን ድንጋዩን በእጄ አወረድኩላቸው።»

ጋሽ ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌሎቹም ነፍሳቸውን ይማር አሉ። እኔ ሻዬን ጠጣሁ። ሙቅ ነው፤ ምላሴን አቃጠለኝ መሰለኝ፤ አላወቅሁም። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ተነሥቼ ጫማዬን አደረግሁና ወጣሁ።

ዝናሽ ከግቢው ጥግ ከቧንቧው አጠገብ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። አጠገቧ ቆምኩ።

«ዝናሽ፣ መምህር ሰይድ አይደሉም ያዘገዩሽ። ፈቃድ ጠይቀውኝ የከለከልኳቸው እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

ቀና ብላም አላየችኝም፤ ብርጭቆውን አለቅልቃ ደፋችው።

«ያን ቀን ይዘውኝ መጥተው ነበር። ቢሮዎ በር ላይ አቁመውኝ ገቡ። ያኔ አማርኛ እምብዛም አልሰማም፤ ‹ሳምንቱ ይለፍ› ያሉት ግን ገብቶኛል።»

«ለአባትሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«እንዳልናገር አስማሉኝ። አባትሽ የከለከለው ትምህርት ቤቱ መሆኑን ካወቀ ነገ ያስወጣሻል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ያስወጣኝ ነበር። ሁለቱን እህቶቼን ትምህርት ቤት አላስገባቸውም።»

«እኔ ደግሞ ለእኔ ብለው መስሎኝ» አልኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር አፌ ውስጥ ለምን እንደመጣ አላውቅም።

«ለእርስዎ ብለው አይደለም» አለች። ክፋት የለበትም አነጋገሯ፤ የቤት ሥራ እንደምታርም ዓይነት ነው። «ለእኔ ብለው ነው። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ገብቻለሁ፤ ሰቆጣ አክስቴ ጋር ነው የምኖረው። አባቴ ከዚህ ወዲያ አያስወጣኝም። እሳቸውን ግን ጥፋተኛ አድርጎ ሲያወራ ሦስት ቀን ሙሉ ሰማሁት። እኔ መሐላ አለብኝ። እርስዎ የለብዎትም።»

ከውስጥ ብርጭቆ አምጪ ብለው ጠሯት። ትሪውን አንሥታ ሄደች።

ጫማዬን ድጋሚ አውልቄ ገባሁ። አቶ ወልዱ ጠጋ ብለው ቦታዬን ለቀቁልኝ። ጋሽ ፈንታም፣ የመንደሩም ሰዎች እየሰሙ፣ ድምፄን ሳልቀንስ ነገርኳቸው፤ ፈቃዱን፣ ደብዳቤውን፣ የቀረውን ሱፐርቪዥን፣ ሁሉንም። አላለቀስኩም። ቅጽ እንደማነብ ነው የተናገርኩት።

አቶ ወልዱ እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ እኔ ያን ድንጋይ ያወረድኩት ከማን አንገት ላይ ነው?» አሉኝ።